ዘጠኝ ጣት የደፈነ ሰው

እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሚስቱና የድንጋይ ካባው ደመወዝ ከፋይ። ለቀረው ሰው ሁሉ ውሃ ልክ ነው።

ቅጽል ስሙ የወጣለት በገዛ ሠርጉ ላይ ነው። ሙሽራው ድንገት ከወንበሩ ወርዶ ጠረጴዛው ሥር ሲገባ እንግዶቹ ቀለበት የወደቀበት መሰላቸው። እሱ ግን ከጠረጴዛው እግር ሥር የታጠፈ የክብሪት ቀፎ ወሸቀ፣ ጉልበቱን አራገፈ፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ይነቃነቅ ነበር» አለ።

ልብስ ሰፊዋ ሙሽራ ምን እንዳገባች ያን ጊዜ ገባት። ከሠላሳ አራት ዓመት በኋላም ሐሳቧን የሚያስቀይር ነገር አላየችም። በቤታቸው የሚነቃነቅ ነገር የለም፣ የዘመመ ነገር የለም። የስፌት መኪናዋ አራት እግሮች ሥር አራት ዓይነት ውፍረት ያለው ቆርቆሮ ተደርጓል። ባልየው ትርፍ አንጀቱ በወጣ ማግስት ሐኪም ቤት ተኝቶ፣ ነርሷን «እህቴ፣ ይህ አልጋ በግራ በኩል ሁለት ሳንቲ ያዘነብላል» ብሏታል። ነርሷ የማደንዘዣው ርዝራዥ ነው ብላ ካርዱ ላይ ጻፈች።

ሥራው ከከተማው ጥግ ባለው የማዘጋጃ ቤት ካባ ነበር። ከሃያ አንድ ዓመቱ ጀምሮ ድንጋይ አውጥቷል። የዚያ ካባ ድንጋይ ንብብር ነው፤ በስንጥቁ ድጅኖ አስገብተው ሲጫኑት እንደ ደብተር ሽፋን ይገለጣል። የተገለጠው ጠፍጣፋ ተጠርቦ ለሳሎን ወለል፣ ለቢሮ ደረጃ፣ ለባንክ አዳራሽ ይሄዳል። ደንበኛ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ልሙጥ ይሁን። ድንጋዩ ግን የደንበኛን ፍላጎት አያውቅም። አንዳንዱ በሆዱ በኩል የሰው ጭንቅላት የሚያህል እብጠት ይዞ ይወጣል። ሠራተኞቹ ኪንታሮት ይሉታል።

ኪንታሮት ነቃዩ ውሃ ልክ ነበር። መሮውን አጋድሞ ያስጠጋል፣ መዶሻውን በአጭሩ ያሳርፋል፣ እብጠቱ ይወድቃል፣ ቀሪውን በሞረድ ይልገዋል። ከዚያ የውሃ ልክ መለኪያውን አጋድሞበት አረፋዋ መሀል ላይ እስክትቆም ይጠብቃል። አረፋዋ ከመሀል ፈቀቅ ካለች ምሳ የለም።

የጥንት እንስሳትን ቅሪት የምታጠናውን ዶክተር ወደ ካባው ያመጣት የባንክ ወረፋ ነው። ወረፋው አልንቀሳቀስ ሲላት ወለሉን ታይ ነበር። በአንዱ ጠፍጣፋ ላይ፣ ተነቅሎና ተሞርዶ ባለቀ ኪንታሮት ቦታ፣ ሦስት ጣት ያለው ጠቆር ያለ ጥላ ቀርቷል። ዶክተሯ ቦርሳዋን ወርውራ ተንበረከከች። ጥበቃው መጣ።

«እህት፣ ምን ጠፋሽ?»

«ዳይኖሰር።»

ድንጋዩ ከየት እንደመጣ የጠየቀችው ከበሩ ውጪ ሆና ነው።

በማግስቱ ካባው ውስጥ ተገኘች። አጭር፣ ፈጣን፣ ኪሷ ብሩሽ በብሩሽ የሆነ የአርባ ዓመት ሴት ናት። ውሃ ልክን ያገኘችው አንድ ኪንታሮት ላይ መሮ እንዳስጠጋ ነው።

«ያቁሙ!»

ሰው የመታ መስሎት መሮውን ጣለው።

«ይህን ምን ትሉታላችሁ?» አለች።

«ኪንታሮት።»

«እግር ነው፣ አባቴ።»

«የማን?»

ነገሩን አስረዳችው። ድሮ፣ ሰው የሚባል ጣጣ ከመፈጠሩ ብዙ ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ቦታው የሐይቅ ዳር ጭቃ ነበር። እንስሳው ጭቃውን ረግጦ አለፈ። ጭቃው ደረቀ። ጎርፍ ያመጣው አሸዋ በላዩ ተኛና የተረገጠውን ጉድጓድ ሞላው። ጭቃውም አሸዋውም ድንጋይ ሆኑ። ስለዚህ የታችኛው ንብብር ላይ ጉድጓድ፣ የላይኛው ንብብር ሆድ ላይ ደግሞ የጉድጓዱ ቅጂ፣ ማለትም እብጠት ይገኛል።

«እስከ ዛሬ ስንት ነቅለዋል?»

ውሃ ልክ ወደ ሰማይ አየና አሰላ። «ሁለት ሺህ ቢሞላ ነው» አለ። ኩራቱን መደበቅ አልቻለም።

ዶክተሯ የምትቀመጥበት ድንጋይ ፈለገች።

«አይዞዎት» አለ ውሃ ልክ ፊቷን አይቶ። «ሁሉንም አጽድቼ ነው የነቀልኩት። አንድም ቅሬታ አልመጣም።»

በሳምንቱ ካባው ቆመ። ሃያ ሁለት ሠራተኞች ወደ ቤታቸው ተላኩ። ካቦው፣ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ዶክተሯን ከነዳይኖሰሯ ረገመ። ውሃ ልክ ብቻ ቀረ፤ የትኛው ንብብር የት ጋ እንደሚሰነጠቅ ከሱ በላይ የሚያውቅ ስላልነበረ። በካባው የታችኛው ወለል ላይ፣ ጋሪ ሲገፋበት በኖረ መንገድ ዳር፣ አሥራ ስምንት ጉድጓዶች ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እያሉ በተርታ ይሄዳሉ። ሠራተኛው የዝናብ ጉድጓድ ነው ይላቸው ነበር። ዶክተሯ በብሩሽ ጠረገቻቸው። ከያንዳንዱ ውስጥ ጣት ያለው እግር ወጣ።

ሁለቱ የተግባቡት በሜትር ነው። ዶክተሯ ለካች፣ ውሃ ልክ ደግሞ ለካ፣ የሁለቱ ልክ በአንድ ሚሊ ተለያየ፤ እንደገና ሲለካ የሱ ልክ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሜትሩን ለሱ ተወችለት።

«ዱካ ከአጥንት ይበልጣል» ትለው ነበር። «አጥንት እንስሳው መሞቱን ነው የሚነግርዎት፤ እሱን ደግሞ ቀድሞም እናውቃለን። ዱካ ግን በቁም እያለ ምን ሲያደርግ እንደዋለ ይናገራል።»

ተናገረ። የእግሩ ርዝመት ሠላሳ ስምንት ሳንቲ ነው። በአራት ሲባዛ የዳሌው ከፍታ በግምት ይገኛል፤ አንድ ሜትር ከሃምሳ ገደማ። ከእርምጃ እርምጃ ያለው ርቀት ፍጥነቱን ይናገራል፤ ቀጠሮ የረፈደበት ሰው ያህል እየተራመደ ነበር፣ አልሮጠም። ጭራው መሬት ላይ አልተጎተተም፤ የጎተተበት ጭረት የለም፣ ስለዚህ ወደ ኋላ ቀጥ አድርጎ ተሸክሞታል።

«ቀጥ አድርጎ?» አለ ውሃ ልክ።

«ሚዛን ለመጠበቅ።»

ውሃ ልክ እንስሳውን የወደደው ያኔ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ዶክተሯ ጮኸች። የቀኝ እግሩ ዘጠኝ ዱካዎች ሦስት ሦስት ጣት አላቸው። የግራዎቹ ዘጠኝ ግን ሁለት ሁለት ብቻ ናቸው። የውጪኛዋ ጣት በዘጠኙም የለችም። ቦታዋ ልሙጥ ድንጋይ ነው። ዶክተሯ በደረቷ ተኝታ በአጉሊ መነጽር አየችው፤ ምንም የተለየ ነገር አላገኘችም።

«ጣቱ ተቆርጧል!» አለች። «ከሌላ ጋር ተናክሶ ይሆናል። ቁስሉ ግን ድኗል። እርምጃውን ይዩልኝ፤ ግራውም ቀኙም እኩል ነው፣ አያነክስም። አባቴ፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ?»

ውሃ ልክ ያውቅ ነበር። ከሷ በተሻለ ያውቅ ነበር። ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት የሚስቱ ታናሽ ወንድም በዚያው ካባ ጋሪ ገፊ ነበር። ሰዉ ሬዲዮ ይለዋል፤ ስለማይዘጋ። የሬዲዮ ጋሪ በዚያች መንገድ ሲያልፍ ጎማው በየግራው ጉድጓድ ጠርዝ ይገባና ይንገዳገዳል። አንድ ቀን ጠፍጣፋ ድንጋይ ተንሸራቶ እግሩ ላይ ወደቀ። ሬዲዮ እህቱ ቤት ሁለት ሳምንት ተኛና ሁለት ሳምንት ሙሉ አወራ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ሚስትየዋ ባሏን ጓሮ ጠርታ «ወይ ጉድጓዱን ድፈንልኝ፣ ወይ ወንድሜን አፉን» አለችው።

ጉድጓዱ ይቀል ነበር። ውሃ ልክ ከዚያው ድንጋይ ዱቄት ፈጨ፣ በሙጫ ለወሰ፣ ጎማው የሚነካቸውን ዘጠኝ የጠርዝ ቀዳዳዎች ብቻ ደፈነ፣ ሞረደ፣ አረፋዋን መሀል ላይ አቆመ። ከዚያ በኋላ ሃያ ስድስት ዓመት ጋሪ ተመላለሰበት። አንድም አልተሰነጠቀም።

እና አሁን ዶክተር የተባለች ሴት፣ ከነመነጽሯ፣ አላየችውም። ውሃ ልክ ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲሄድ ያፍር ይሁን ይኩራ አልለየለትም። ሁለቱንም እያፈራረቀ ሄደ።

ዱካ ሌላም ቦታ ሞልቷል። ጣተ ቆራጣ ግን ብርቅ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሳ ይባላል፤ በሥራ ሰዓት ሲነሳ ያየው ሰው አልነበረም። እስከዚያ ድረስ ካባውን ለጠጠር መፍጫ ማሽን ሊሰጥ አስቦ ነበር። አሁን አጥር ይሠራል፣ ጥላ ይደረጋል፣ አንድ ጠባቂም ይቀጠራል ተባለ። ጠባቂው ወንበር አለው፣ ቆብ አለው፣ እስከ ጡረታው የሚያደርስ ደመወዝ አለው። ዶክተሯ የውሃ ልክን ስም ጻፈች። ጣቱ መቆረጡ ከታወቀ ሦስት ሳምንት በሚሞላው ሐሙስ ኮሚቴ መጥቶ የተቆረጠውን ጣት በዓይኑ አይቶ ይፈርማል።

ውሃ ልክ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ጉልበቶቹ ደረጃ ሲወጣ እንደ ደረቅ እንጨት ይንቋቋሉ። ካባው ከተዘጋ፣ ኪንታሮት ከመንቀል ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። ያንን ወንበር እንደሱ የሚፈልግ ሰው በከተማው ውስጥ አልነበረም፤ ከሬዲዮ በቀር።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ለሚስቱ ነገራት።

«ልናገር ነው።»

«ምኑን?»

«ጣቱን።»

የስፌት መኪናዋን አቆመች። «አንተ ሰውዬ፣ ወንበር ሰጡህ። ጥላ ሰጡህ። ቆብ ሰጡህ። ምን ቢነካህ ነው የገዛ ወንበርህን ከሥርህ የምትስበው?»

«ውሸት ነው እኮ።»

«ማን ዋሸ? አንተ ጉድጓድ ደፈንክ። ጣት ተቆረጠ ያለችው እሷ ናት። ጠየቀችህ?»

«አልጠየቀችኝም።»

«ያልተጠየቀ አይመልስም።»

«ሰኞ በጽሑፍ ልትልከው ነው። ለዓለም።»

«ዓለም ስለ አንድ ጣት ምን ይሆናል? ለመሆኑ ማን ድፈን አለህ?»

«አንቺ።»

«በቃ። ድፈን ያልኩህ እኔ ነኝ፤ ዝም በል የምልህም እኔ ነኝ። ሲመጡ ጥግህን ይዘህ ቁም። ሲያወሩ ወደ ላይ እይ።»

በዚህ መሀል ሬዲዮ ገባ። ከካባው ከተሰናበተ ጀምሮ የምሳ ሰዓት አያመልጠውም።

«ጋሼ፣ ቆራጣው ወዳጃችን እንዴት ሰነበተ? ጣቱ አልበቀለችም?»

«አፍህን ዝጋ።»

«እኔማ ዘግቻለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም።»

«ማን ጠይቆህ» አለች እህቱ።

«ይኸው እኮ ነው። አሁን ሊጠይቁ ይችላሉ።» ዳቦ ቆረሰ። «ስሚ እህቴ፣ ጠባቂ አንድ ብቻ ነው የሚቀጠረው? ሌሊትስ ዱካው ብቻውን ሊያድር ነው? ጋሼ አንዲት ቃል ጣል ቢያደርግልኝ፣ እኔም አንዲት ቃል ሳልጥል እቀራለሁ።»

እህቱ በመርፌው በኩል አየችው። «ካፍህ ትንሽ ነገር ብትወጣ ምላስህን በዚህ መኪና ነው የምዘመዝመው።»

ሬዲዮ ሳቀ። ይሁን እንጂ ሐሙስ ጠዋት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ማንም ሳይጠራው፣ ካባው በር ላይ ተገኘ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ኃላፊው፣ አዲስ ጫማ ያደረገ መሐንዲስ፣ ቃለ ጉባኤ የምትይዝ ጸሐፊ። ዶክተሯ ከፊት ከፊት እየሄደች አስረዳች። ዳሌው እዚህ ድረስ፣ ፍጥነቱ ይህን ያህል፣ ጭራው እንዲህ ቀጥ ብሎ። ኃላፊው በየመሀሉ «ጣቱስ?» ይላል። ውሃ ልክ ጥጉን ይዞ ወደ ላይ ያያል። ሰማዩ ላይ ምንም አልነበረም።

አራተኛው የግራ ዱካ ጋ ደረሱ።

«ይኸው» አለች ዶክተሯ።

መሐንዲሱ ሱሪውን በጥንቃቄ ሰብስቦ ቁጢጥ አለና በእጁ ዳሰሰው። «አቤት! አቤት!» አለ። «እዩት እስቲ። ጣቱ የነበረበት ቦታ እንዴት ድምጥማጡ እንደጠፋ። መስታወት ነው እኮ!» ተነስቶ እጁን አራገፈ። «አያችሁ፣ ይህን ያየ ሰው የተፈጥሮን ሥራ ያውቃል። የሰው እጅ ቢገባበት ወዲያው ያስታውቃል። በተለይ የኛዎቹ ግንበኞች። እነሱ ሲደፍኑ ቁስል ላይ የተለጠፈ ፕላስተር ነው የሚመስለው።»

ውሃ ልክ ከሰማዩ ላይ ዓይኑን አወረደ።

«ማን ነው ፕላስተር?» አለ።

ሁሉም ዞሩ። ሬዲዮ እጁን አፉ ላይ ጫነ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ ነው።

«ምን አሉ፣ አባቴ?» አለች ዶክተሯ።

«ይህ የኔ ነው።»

«ምኑ?»

«ልሙጡ። ዘጠኙም። የዚሁ ድንጋይ ዱቄት በሙጫ። ሃያ ስድስት ዓመት ጋሪ ተጭኖ ሄዶበታል።» ወደ መሐንዲሱ ዞረ። «ፕላስተር ሃያ ስድስት ዓመት ጋሪ ይችላል? ንገረኛ፣ ይችላል?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የውሃ ልክ ራስ ከተመለጠ ቆይቷል፤ ያን ቀን አፉ ደረሰበት።

ዶክተሯ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ሦስት ሳምንት» አለች። «ሦስት ሳምንት በመነጽር ሳየው ነበር።»

«አላዩትም» አለ ውሃ ልክ። ሊያጽናናት ነበር የፈለገው፤ ፊቱ ግን እንደ ተሸለመ ሰው በራ።

«እርስዎ ደግሞ አጠገቤ ቆመው ያዩኝ ነበር!»

ብርሃኑ ከፊቱ ጠፋ።

ኃላፊው ሰዓቱን አየ። «ስለዚህ የተቆረጠ ጣት የለም?»

«የለም» አለ ውሃ ልክ።

«ዶክተር፣ ታዲያ እኛ ምን ልንፈርም ነው የመጣነው?» ማህደሩን ዘጋው። «ተራ ዱካ ከሆነ ሌላም ቦታ አለ ተብሏል። የጠጠር ማሽኑ ባለቤት በየቀኑ እየደወለልኝ ነው።»

ዶክተሯ ብድግ አለች። «ይውጣ» አለች። «ሙሌቱ አሁኑኑ ይውጣ። ከሥሩ ያለውን ማየት አለብኝ።»

«ባይነካ ይሻላል» አለ ውሃ ልክ።

«ለምን?»

ዘጠኝ ጣት መድፈኑን ሲያምን ያላፈረ ሰውዬ አሁን ጫማውን ማየት ጀመረ።

ሬዲዮ ከዚህ በላይ አልቻለም። «ከሥሩ አቧራ ስለሆነ ነዋ!» አለ። «ሙጫው እንዳያልቅ ብሎ አቧራ ሞላበት! ሙጫ ያለው ከላይ ጣት የምታህል ብቻ ናት! እኔ ነኝ አቧራውን በጋሪ ያመጣሁለት!»

ውሃ ልክ ሌባ ቢባል ይሻለው ነበር። ለሠላሳ ሰባት ዓመት ከሥራው ውስጥ አንድም ሸፋፋ ነገር አልነበረም፤ ከነዚህ ዘጠኝ ጉድጓዶች በቀር። የነሱንም ሆድ እሱና አማቹ ብቻ ነበሩ የሚያውቁት።

«ይክፈቱት» አለች ዶክተሯ።

መሮና መዶሻ መጣ። ተንበረከከ፤ ጉልበቱ ጮኸ። የመጀመሪያውን ሲከፍት መዶሻውን ከልክ በላይ አሳረፈ። ክዳኑ ሲነሳ ከዱካው ጣት ጫፍ ላይ ጥፍር የሚያህል ድንጋይ ተከትሎት ወጣ። በእርግጥም የጥፍሩ አሻራ ነበር። ዶክተሯ ስትጮህ ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን ጣለች።

«ሁለተኛው ላይ አይደገምም» አለ ውሃ ልክ ለራሱ።

ሁለተኛውን ዙሪያውን ፈልፍሎ፣ እንደ ጣሳ ክዳን በሙሉ አነሳው። ከሥሩ ያለው አቧራ ደቃቅና ደረቅ ነው፤ ያስቀመጠው ዕለት እንደነበረ አለ። ዶክተሯ በብሩሽ ጠረገችው፤ ከዚያ በትንሿ ብሩሽ፤ ከዚያ በትንፋሿ። ደረቷን ድንጋዩ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ኃላፊው ራሷን የሳተች መስሎት ውሃ እንዲመጣ አዘዘ።

«ቆዳ ነው» አለች በመጨረሻ።

ተራ በተራ ጎንበስ ብለው አዩ። የጣቷ ወለል እንደ ዶሮ እግር በጥቃቅን ፍሬ ተሸፍኗል። ያ እንስሳ በዚያች ቅጽበት ጭቃው ላይ ያተመው የገዛ ቆዳው ነው። ሌሎቹ ጣቶች ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። እነሱን ዝናብ፣ ቦቲ ጫማና የጋሪ ጎማ ሲልጋቸው ኖሯል። እቺን አቧራው ጠብቋታል። ሙጫ ቢሞላባት ኖሮ፣ ሙጫው ሲላቀቅ ቆዳውን ይዞት ይወጣ ነበር።

«አባቴ» አለች ዶክተሯ፤ ቁጣዋ ገና አልበረደም፣ ግን ሌላ ነገር ገብቶበታል። «አቧራ ባይሞሉበት ኖሮ ይህን አናየውም ነበር።»

«ሙጫ ውድ ነበር» አለ ውሃ ልክ፤ አሁንም እያፈረ።

ኃላፊው ነገሩን ወደ ሥራ ቋንቋ መለሰው። «ይህ ከተቆረጠው ጣት ይሻላል ወይስ ያንሳል?»

«ይሻላል።»

«በስንት?»

ዶክተሯ ፊቱን አየች። እየቀለደ አልነበረም። «በብዙ» አለችው።

«'በብዙ' ብለሽ ያዢ» አለ ለጸሐፊዋ፤ ፈረመ።

ስለ ጠባቂው ሲነሳ መሐንዲሱ ጉሮሮውን ጠረገ። ቅርስን የነካካ ሰው ቅርስን ሊጠብቅ እንደማይችል በደንቡ ላይ ተጽፏል አለ። አንቀጹን ከነቁጥሩ ጠራ። ይህን አንቀጽ ከ«ንገረኛ፣ ይችላል?» በፊት ያስታውሰው ይሆን ወይ፣ እሱ ብቻ ያውቃል። ኃላፊው ዶክተሯን አየ። ዶክተሯ የምትለው ነበራት፤ የውሃ ልክን ስም የጻፈችው እሷ ናት፣ ልትከራከርለት ትችል ነበር። ነገር ግን ሦስት ሳምንት ያህል አጠገቧ ቆሞ ዝም ያላት ሰው ነው። ብሩሾቿን መልቀም ጀመረች።

«ሌላ ካባውን የሚያውቅ ሰው አለ?» አለ ኃላፊው።

ሬዲዮ ሸሚዙን አስተካከለ።

ሚስትየዋ ወሬውን የሰማችው ከወንድሟ ነው፤ ባሏ ቤት ሳይደርስ። ውሃ ልክ ሲገባ ቀና ብላ አላየችውም።

«ወደ ላይ እይ አላልኩህም?»

«አይቼ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ፕላስተር አለው።»

መኪናዋን ረገጠች። አንድ ሙሉ እጅጌ ሰፍታ ጨረሰች። ከዚያ «ፕላስተር?» አለች።

«ፕላስተር።»

«ይህ ባለጌ» አለች፤ ምሳውን አቀረበችለት።

ሰባት ጣት ይቀር ነበር። ዶክተሯ አራት ቀን አኮረፈች፤ በአምስተኛው ቀን ሰው ልካ አስጠራችው። ቀን በቀን እየተከፈለው፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ሰባቱን ሁሉ ከፈተ። አንድም ጥፍር አልተሰበረም። ከሰባቱ በአምስቱ ላይ ቆዳ ተገኘ፤ በሁለቱ አቧራው ውሃ ገብቶበት ነበርና ምንም አልተረፈም። ሬዲዮ ጥላው ሥር ወንበሩ ላይ ቆቡን ደፍቶ፣ የሚያልፈውን ሁሉ ጠርቶ ስለ ዳይኖሰር ያስረዳ ነበር። የዳሌውን ከፍታ በየቀኑ አሥር አሥር ሳንቲ ይጨምርለታል።

«ጋሼ፣ ከገመዱ ውጪ ሁን! ቅርስ ነው!» ይላል።

«ገመዱን የተከልኩት እኔ ነኝ።»

«ደንብ ነው፣ ጋሼ። እኔ ምን ላድርግ?»

ከመንፈቅ በኋላ የዶክተሯ ጽሑፍ ታትሞ አንድ ቅጂ በፖስታ ደረሰው። ውሃ ልክ ቁጥር ቢቀናውም ፊደል ይከብደዋል። ሚስቱ መነጽሯን አድርጋ አነበበችለት። ብዙውን ዘለለችው፤ ጭቃና ንብብር፣ ጭራና ዳሌ ነው። አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

«ያንተ ነገር መጣ» አለች። «'በግራው እግር የውጪኛ ጣት ላይ የነበረው ሰው ሠራሽ ሙሌት በዓይንም ሆነ በአጉሊ መነጽር ከተፈጥሮ ድንጋዩ ሊለይ አልቻለም።'»

«ድገሚው።»

ደገመችው።

«አቧራውንም ጽፋዋለች?»

ጣቷን እየጎተተች ፈለገች። «'ልቅ ሙሌት' ብላዋለች።»

«ልቅ ሙሌት» አለ። አፉ ውስጥ አገላበጠው። «ጥሩ ነው። አቧራ ከሚል ይሻላል። እንደገና የመጀመሪያውን አንብቢው።»

ሦስተኛ ጊዜ አነበበችለት። ለአራተኛ ጊዜ ሲጠይቃት፣ የሰው ቀሚስ እየጠበቀኝ ነው ብላ ወረቀቱን እጁ ላይ አስቀመጠችለትና ወደ መኪናዋ ዞረች። ውሃ ልክ መስኮቱ ጋ ሄዶ በጣቱ ፊደል በፊደል እየተከተለ ብቻውን አነበበው። ሃያ ደቂቃ ፈጀበት።